ጣት ከመቀሰራችን በፊት መገጣጠሚያውን እንይ



ዛሬ የምናወራው ስለ ሮቶ ነው። ስለ ቧንቧ፣ ስለ ዳዶ፣ ስለ ጎማ፣ ከሮቶ ሥር ጠብ ጠብ ስለሚል ውሃ። «ይህ ደግሞ ምን ይጻፍለታል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ነገር ግን ይህች ጠብታ በእኛ ግቢ አራት ቤተሰብ ልታኳርፍ ደርሳ ነበር። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ልብሷን ወንዝ ወርዳ እንድታጥብ አድርጋለች። ስለዚህ ረዘም ቢልም እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ዛሬ ማታ በየቤታችሁ የምትሞክሩት ነገር አለው።

የምንኖረው ጎንደር፣ ቁስቋም ነው። ለማታውቁት፣ ቁስቋም ከከተማው መሀል በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሰፈር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥታቸውንና የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እዚሁ ነው፤ ፍርስራሹን ለማየት ዛሬም ቱሪስት ይመጣል። አየሩ ደስ ይላል፣ ከተማውም ከላይ ሆኖ ሲያዩት ያምራል። ለውሃ ግን ከፍታ ጥሩ ጎረቤት አይደለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ውሃ በቧንቧ ውስጥ 10 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ 1 ባር ያህል ግፊት ያጣል። ከታች ያለው ሰው በኃይል ሲቀዳ፣ ከላይ ያለው ቧንቧውን ከፍቶ የአየር ፉጨት ይሰማል። ታች ያሉት ቀድተው ሲጠግቡና ሲዘጉ ነው ውሃው ወደ ላይ የሚደርሰው፤ ብዙ ጊዜ በእኩለ ሌሊት። ፈረቃው ሲያልቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚቋረጠው ከላይ ካለው ሰፈር ነው። የጎንደር ልጅ ይህን ሳይነገረው ያውቃል። ሌሊት ቧንቧው ሲንፈቀፈቅ ሰምቶ ከእንቅልፉ ያልዘለለ ማን አለ?

ከተማው ለረጅም ጊዜ የጠጣው ከአንገረብ ግድብ ነው። አንገረብ ደግሞ በየክረምቱ ከተራራው ታጥቦ በሚወርደው አፈር እየተሞላ፣ የመያዝ አቅሙ እያነሰ የመጣ ግድብ ነው። የመገጭን ግድብ ሁላችንም ለዓመታት ስንጠብቀው ኖረናል። እስከዚያው ድረስ የእያንዳንዱ ግቢ ትንሽ ግድብ ሮቶው ነው። ሮቶው ያፈሰሰ ቤት፣ ግድቡ ያፈሰሰበት ከተማ ማለት ነው።

በግቢያችን አራት ቤተሰብ አለ፤ ሁላችንም ተደምረን 14 ነን። አንድ 2,000 ሊትር ሮቶ፣ ሁለት ሜትር ከፍታ ባለው የድንጋይና የሲሚንቶ ማስቀመጫ ላይ ተቀምጧል። የሮቶው ውሃ የጋራ ነው፣ ቢሉም በነፍስ ወከፍ ይከፈላል። የግቢው ባለቤት አንዲት እናት ናቸው፤ ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው።

ችግሩ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። ለአሥር ቀን ይበቃን የነበረው ሮቶ በሰባተኛው ቀን ባዶውን ያስተጋባ ጀመር። መጀመሪያ «ፈረቃው ሳይሞላልን ቀርቶ ነው» ተባለ። ቀጥሎ «ሙቀቱ ነው» ተባለ። በመጨረሻ የግቢ ወሬ ወደሚሄድበት ሄደ፤ ወደ ሰው። በቅርቡ የገባች እናት ነበረች። ባሏ ለሥራ ርቆ ነው የሚኖረው፣ ሦስት ትንንሽ ልጆች አሏት፣ ትንሹ ገና የሚጠቀለል ነው። የሕፃን ጨርቅ በየቀኑ ይታጠባል፤ ገመዱ ላይ ሁሌ የተሰጣ አለ። «እሷ ከገባች ወዲህ ነው» ለማለት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለገም።

ፊት ለፊት የተናገራት የለም። ይህ ነው ክፉው። እሷ ስትመጣ ወሬው ይቆማል፣ ባልዲ ስታነሳ ዓይን ይከተላታል፤ አንድ ቀን ከእሷ ቤት በር ፊት «ውሃ በቁጠባ እንጠቀም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። በሳምንቱ ልብሷን በዘንቢል ሞልታ፣ ልጇን አዝላ፣ ወደ ቀሃ ወንዝ ስትወርድ አየናት። በግቢው ውስጥ ውሃ እያለ፣ ድርሻዋንም እየከፈለች።

እዚህ ላይ ነው እኛ የግቢው ወጣቶች የተሰበሰብነው። ሸሪዓችን ከመጥፎ ጥርጣሬ እንድንርቅ ያዘናል፤ ይህን ሁላችንም ከመድረሳ ጀምሮ ሰምተነዋል። መስማት አንድ ነገር ነው። በውሃ ጉዳይ ላይ ሥራ ላይ ማዋል ማለት ግን መለካት ማለት ነው። «እሷ ናት» ወይም «እሷ አይደለችም» ብሎ በምላስ ከመከራከር፣ ውሃው የት እንደሚሄድ እንለካ ተባባልን።

አለካኩ ማንም የሚችለው ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ እማማን አስፈቅደን፣ ከሮቶው የሚወጣውን መዝጊያ ቫልቭ ዘጋን። ከዚያ በኋላ ማንም ቤት ውሃ ሊደርስ አይችልም። መሰላል ላይ ወጥተን ቀጥ ያለ ደረቅ ዘንግ በሮቶው አፍ እስከ ወለሉ አስገባንና እርጥበቱ የደረሰበት ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግን። ንጋት 11 ሰዓት ላይ፣ ለፈጅር ስንነሳ፣ ያንኑ ዘንግ ደግመን አስገባን። ውሃው ከአንድ ሴንቲ ተኩል በላይ ወርዷል።

የእኛ ሮቶ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ አምስት ገደማ ነው። ሒሳቡን ስትሠሩት አንድ ሴንቲ ከፍታ 12 ሊትር ያህል ውሃ ነው። በስምንት ሰዓት ውስጥ 20 ሊትር፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን ሙሉ፣ ሁሉም ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ቫልቩም ተዘግቶ ሳለ ሄዷል። በቀን ሦስት ጀሪካን። በአሥር ቀን 30 ጀሪካን፣ ማለትም 600 ሊትር፤ ከሮቶው አንድ ሦስተኛ ሊሞላ ምንም አይቀረው።

ሌላው የሒሳቡ ጎን ደግሞ ይህ ነው። 2,000 ሊትር ለ14 ሰው ለአሥር ቀን ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 14 ሊትር ብቻ ይደርሳል። ፍሳሹ ሲቀነስ 10 ሊትር ይቀራል። በ2018 እ.ኤ.አ. የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ውሃ ሊያልቅባት ነው ተብሎ ዓለም ሁሉ ሲያወራ፣ ነዋሪው የተፈቀደለት በቀን 50 ሊትር ነበር። እኛ በአምስት እጥፍ ባነሰ እየኖርን ነው እርስ በርስ በዓይን የምንፈላለገው።

ቫልቩ ተዘግቶ ውሃው ከወረደ፣ ፍሳሹ ያለው ከቫልቩ በፊት ነው፤ ወይ ሮቶው ራሱ ወይ ከሮቶው ጋር የተያያዘው የመጀመሪያ መገጣጠሚያ። ነገር ግን መሬት ላይ ኩሬ አልነበረም። ውሃው በቱቦው ጀርባ ተከትሎ በማስቀመጫው ድንጋይ ስንጥቅ እየገባ አፈር ውስጥ ይጠፋ ነበር። ከማስቀመጫው ኋላ ያለው ሣር በበጋ ለምልሞ እንደነበር ያስተዋልነው ያኔ ነው።

የሚያፈሰውን ነጥብ ለማግኘት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል፤ ውሃ ከወጣበት ቦታ ላይ አይንጠባጠብም። ተከትሎ ይወርድና ዝቅ ካለው ጫፍ ላይ ነው ጠብ የሚለው። ስለዚህ የረጠበውን የታችኛውን ቦታ አይታችሁ «እዚህ ነው» አትበሉ። ሁሉንም በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ፣ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ሶፍት ጠቅልሉበት። ከላይ መጀመሪያ የረጠበው ሶፍት እውነተኛውን ቦታ ይነግራችኋል። የእኛ ከሮቶው ግድግዳ ጋር ከሚታሰረው መገጣጠሚያ ነበር። አንድ ክር አስረንበት ጫፉን ብርጭቆ ውስጥ አደረግን፤ ውሃው ክሩን ተከትሎ ወረደ። ሩብ ሊትር የሚይዘው ብርጭቆ በስድስት ደቂቃ ሞላ። ይህም በሰዓት ሁለት ሊትር ተኩል፣ በቀን 60 ሊትር ነው። የዘንጉ ልኬትና የብርጭቆው ልኬት ገጠሙ።

ብርጭቆውን ለእማማ ሰዓት ይዘን አሳየናቸው። ዝም ብለው አዩት። «ይኼን ሁሉ ጊዜ?» አሉ።

ከዚያ አንድ ባለሙያ ተጠራ። መጣ፣ በጂራቱቦ አጠበቀው፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ሁለት ቀን ደረቀ። በሦስተኛው ቀን ከቀድሞው የባሰ ፈሰሰ። የፕላስቲኩ መገጣጠሚያ ተሰንጥቆ ነበር።

ሁለተኛው አዲስ ዓለም አካባቢ የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። እሳቸው መሣሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረጅም ጊዜ ቆመው አዩ። ቱቦውን በእጃቸው ትንሽ ነቅነቅ አደረጉት። «ልጆቼ፣ ይኼን ቱቦ የያዘው ማነው?» አሉን።

የያዘው አልነበረም። ሁለት ሜትር የብረት ቱቦ፣ ከነቫልቩ፣ በዚያች በፕላስቲክ መገጣጠሚያ ላይ ተንጠልጥሏል። ሮቶ ደግሞ ሲሞላ ጎኑ ትንሽ ይነፋል፣ ሲጎድል ይሰበሰባል። ቀን በፀሐይ ይሰፋል፣ ሌሊት በጎንደር ብርድ ይኮማተራል። ሮቶው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብረቱ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ መካከል ላይ ያለው መገጣጠሚያ ነው የሚጎተተው። «አባባ፣ ታዲያ ማጥበቅ ለምን አልበቃውም?» ስንላቸው፣ «የታመመው እዚህ አይደለማ! ሸክሙ ካልተነሳለት ብታጠብቁት ይሰነጠቃል እንጂ አይድንም» አሉን።

ከዚያ ቀን የተማርነውን እዚህ እናስቀምጠው፤ ለሮቶም፣ ለማጠቢያ ገንዳም፣ በመስታወት ሣጥን ዓሣ ለሚያረባ ሰው ቧንቧም ሕጉ አንድ ነው።

አንደኛ፣ መገጣጠሚያ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ውሃውን በጥርሱ የሚይዝ አለ፣ በጎማ የሚይዝ አለ። ቱቦ ከቱቦ ጋር ሲገባ እየጠበበ የሚሄደው ጥርስ ነው የሚይዘው፤ ክፍተቱን የሚሞላለት ቴፍሎን ነው። ከሮቶ ግድግዳ ጋር የሚታሰረው ግን ውሃውን የሚይዘው በጎማው ነው። የዳዶው ሥራ ጎማውን መጫን ብቻ ነው። እዚያ ላይ ቴፍሎን ብትቆልሉ ምንም አይፈይድም።

ሁለተኛ፣ ጎማው በየት በኩል ነው የሚለው ወሳኝ ነው። የመገጣጠሚያው ሰፊ ጭንቅላት በሮቶው ውስጥ፣ ጎማው በጭንቅላቱና በግድግዳው መካከል መሆን አለበት። ጎማው በውጭ በኩል በዳዶው ሥር ብቻ ከሆነ፣ ውሃው በቀዳዳው ገብቶ ጥርሱን እየተከተለ በዳዶው ውስጥ ያልፋል። የእኛው የተገጠመው እንደዚያ ነበር።

ሦስተኛ፣ የቀዳዳው ዙሪያ ንጹሕ ይሁን። ሮቶው ሲበሳ የቀረ የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ወይም አሸዋ ከጎማው ሥር ከገባ፣ ምንም ብታጠብቁ መንገድ ይተዋል።

አራተኛ፣ ዳዶውን እጅ እስከሚችለው ካጠበቃችሁ በኋላ በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል ብቻ ጨምሩ። ጎማ ከመጠን በላይ ሲጫን ይሾልካል፣ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል።

አምስተኛ፣ ቴፍሎን የሚጠቀለለው ቱቦው በሚገባበት አቅጣጫ ነው። የጥርሱን ጫፍ ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ ስታዩት እንደ ሰዓት አቆጣጠር ይዙር፤ አለበለዚያ ስታስገቡት ተፈትቶ ይሰበሰባል። የብረት ጥርስ በፕላስቲክ ውስጥ ስታስገቡ ደግሞ እጃችሁን ያዝ አድርጉ፤ ብረቱ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ፕላስቲኩን ይከፍተዋል።

ስድስተኛ፣ ቱቦው የራሱ መያዣ ይኑረው። ከግድግዳው ወይም ከማስቀመጫው ጋር ይታሰር፣ ከሮቶው እስከ መያዣው ድረስ ደግሞ አጭር ተጣጣፊ ቱቦ ይግባ፤ ሮቶው ሲሰፋና ሲጠብ ጉተታውን እሱ ይቀበለዋል።

ሥራውን ለመሥራት ሮቶው ባዶ መሆን ነበረበት። ይህ በጎንደር ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ የሚቀጥለው ውሃ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። የቀረውን ውሃ ማፍሰስ ደግሞ የማይታሰብ ነው። እማማ ግቢውን ሁሉ ጠሩ። ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ሰፌድ የሚያህል ሳፋ፣ የሠርግ ብረት ድስት ሳይቀር ወጣ። ከሁሉም ቀድማ ሦስት ባልዲና ሁለት ጀሪካን ይዛ የቆመችው ያቺ ልብስ ይዛ ወንዝ የወረደችው እናት ናት። ማንም ምንም አላለም። ባልዲውን ግን ሁሉም አይቶታል።

ከመካከላችን ቀጭኑ በሮቶው አፍ ገባ፤ አንዱ ከላይ ሆኖ ጠበቀው። ከውስጥ ጭንቅላቱን ያዘ፣ አባባ ከውጭ ዳዶውን አሰሩ። የብረቱን ቱቦ ቀለል ባለ ፒ.ፒ.አር ለመቀየር ወሰኑ። ፒ.ፒ.አር የሚጣበቀው በሙቀት ነው። ማሽኑ እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቅና ቱቦውና መገጣጠሚያው አንድ ላይ ይለሰልሳሉ፤ 20 ሚሊ ሜትር ለሆነው ቱቦ አምስት ሴኮንድ፣ ለ25ቱ ሰባት ሴኮንድ ይበቃል። ከዚያ ሳይጣመም፣ ሳይዞር ቀጥ አድርጎ ማስገባትና እስኪቀዘቅዝ መያዝ ነው። የውሃ ጠብታ ካለበት አይጣበቅም።

ማሽኑ ሲሞቅ መብራት ሄደ። ሮቶው ተፈትቷል፣ ውሃችን በባልዲ ተሰልፎ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል፣ ሰማዩ ደግሞ እየመሸ ነው። አባባ «ሶብር» ብለው ተቀመጡ። መብራት የተመለሰው መግሪብ ከሰገድን በኋላ ነው። የቀረውን በስልክ ብርሃን ጨረስነው። ፒ.ፒ.አር ፀሐይ ሲመታው ስለሚያረጅ በማግስቱ የተጋለጠውን ክፍል ጠቅልለን ሸፈንነው።

ውሃ ገብቶ ሮቶው ሲሞላ ዘንጉን እንደገና አወጣነው። ማታ 3 ሰዓት፣ ምልክት። ንጋት 11 ሰዓት፣ እዚያው ምልክት ላይ። ምንም አልወረደም።

በዚያው ቀን ከአስር በኋላ እማማ ቡና አፈሉ። የእሳቸው ቤት አይደለም ያፈሉት፤ ጀበናና ሲኒውን አስይዘው የዚያችን እናት ቤት አንኳኩ። «አፉ በይን ልጄ» አሏት፣ ሁሉም እየሰማ። እሷ ትንሽ ዝም ብላ ልጇን አስተካከለችና «ጭሱ ወደ ውጭ እንዲወጣ በሩን ክፈቱት» አለች። ሌላ መልስ አልሰጠችም። ከዚያም በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ልብሷን ይዛ ወደ ቀሃ መውረዷን አልተወችም። ቧንቧ በአንድ ቀን ይጠገናል፤ ሰው ጊዜ ይፈልጋል።

ውድ ወጣቶች፣ ብዙዎቻችን የቧንቧ ሥራን እንንቃለን። ዲግሪ ይዘን ሥራ አጥተን ስንቀመጥ እንኳ ጂራቱቦ ማንሳት ያሳፍረናል። ይህ ሙያ ግን በታሪካችን ውስጥ የሊቃውንት ሙያ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖሩት ሦስቱ ወንድማማቾች፣ በኑ ሙሳ፣ አንድ መቶ ያህል ረቂቅ መሣሪያዎችን የገለጹበት መጽሐፍ ጽፈዋል። ብዙዎቹ የሚሠሩት በውሃ ግፊትና ራሳቸውን በሚከፍቱና በሚዘጉ ቫልቮች ነው። ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስም የዚያ ሐሳብ ዘመድ ነው። አል-ጀዘሪ ደግሞ በዲያርበኪር ሆኖ በ1206 ያጠናቀቀው መጽሐፉ ውስጥ ለዉዱእ ውሃ የሚያፈሱ መሣሪያዎችን ሳይቀር በሥዕል አስረድቷል። ቫልቭ እንዳያፈስ ምን ያደርግ እንደነበር ታውቃላችሁ? መክደኛውንና መቀመጫውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት በሚሞርድ ሻካራ ዱቄት እርስ በርስ እያፋጨ፣ ልክ እስኪገጥሙ ድረስ ያሻቸው ነበር። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት እንኳ መፍትሔው በኃይል መጫን አልነበረም፤ ሁለቱን ማስማማት ነበር።

ወደ ዉዱእ ካነሳነው አይቀር አንድ ሒሳብ እንጨምር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። አንድ ሙድ ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። በዚያ ልክ የአምስቱ ወቅት ዉዱእ በቀን አራት ሊትር አይሞላም። ከሮቶአችን ይፈስ የነበረው 60 ሊትር ከ15 ሰው በላይ የቀን ሙሉ ዉዱእ ነበር። አሁን ደግሞ ቧንቧ ከፍተን በምናደርገው ልክ እንየው። ቧንቧው በደቂቃ አምስት ሊትር ቢያወርድ፣ ሁለት ደቂቃ የፈጀ አንድ ዉዱእ 10 ሊትር ነው። ኢስራፍ ሲባል ብዙዎቻችን ስለ ሠርግና ስለ ልብስ ብቻ ነው የምናስበው። በየቀኑ አምስት ጊዜ በእጃችን የሚያልፈውስ?

ስለዚህ ጥያቄያችን ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ለየቤታችሁ ነው። ዛሬ ማታ ቫልቩን ዝጉ፣ ዘንግ አስገቡ፣ ምልክት አድርጉ፣ ለፈጅር ስትነሱ እዩት። ቆጣሪ ያላችሁ ደግሞ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ሮቶው ሞልቶ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ሳለ ቆጣሪው ይዞር እንደሆነ ተመልከቱ። የሚዞር ከሆነ የሆነ ቦታ ይፈሳል።

ሁለተኛው ለየመስጂዳችሁ ጀመዓ ነው። የዉዱእ ቦታውን ቧንቧዎች ቁጠሩ፤ ስንቱ ተዘግቶም ይንጠባጠባል? የብዙው ችግር ውስጡ ያለች አንዲት ያለቀች ጎማ ናት። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ቴፍሎን፣ ጎማና አንድ ቁልፍ ይዛችሁ፣ ኢማሙን ወይም ኮሚቴውን አስፈቅዳችሁ፣ ዋናውን መዝጊያ ዘግታችሁ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥሩት። የማትችሉት ካለ አንድ አዛውንት ባለሙያ ጥሩና ከጎናቸው ቆማችሁ ተማሩ። እኛ ከአባባ ጋር የዋልነው አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን የሦስት ግቢ ሮቶ ጠግነናል፣ ሁለቱ የእኛው ዓይነት በሽታ ነበራቸው፤ ያለመያዣ የተንጠለጠለ ቱቦ።

አንዱን ግቢ ስንጠግን «እዚህ እንኳ ተከራዩ ነው ውሃ የሚጨርሰው» የሚል ሰው ገጥሞናል። ብርጭቆ፣ ክርና ሰዓት ሰጥተነው «ስድስት ደቂቃ ጠብቅ» አልነው።

ወላሁ አዕለም። በግቢያችሁ ሮቶ ላለው ወንድምና እህት አካፍሉት።